የአማቴን ጤና አዳም ተደብቄ እየደፋሁ ነው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ዓምድ ለረጅም ጊዜ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የራሴ ጉዳይ ስለከበደኝ ጻፍኩ። የ29 ዓመት ሴት ስሆን የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬን አጋምሻለሁ። እናቴ በሕይወት ስለሌለች የባለቤቴ እናት ሊያርሱኝ ቀደም ብለው ከመንዝ መጥተው አዲስ አበባ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። እማዬ ነው የምላቸው። ሲመጡ በከረጢት ሙሉ ጦስኝ፣ ኮሰረትና የደረቀ በሶብላ ይዘው ነበር፤ ጤና አዳምና ዳማከሴውን ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ራሳቸው ተክለዋል። እርሳቸው ከመጡ ወዲህ ቤታችን ቤት ሆኗል፤ ይህን ሳልናገር ቅሬታዬን ብቻ ብጽፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ችግሩ እንዲህ ነው። በየጠዋቱ «ሆድሽን ያሽርልሻል፣ ልጁንም ያጠነክረዋል» እያሉ አንድ ብርጭቆ የተፈላ ጤና አዳም ይሰጡኛል። ትኩሳት ሲሰማኝ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። ማታ ማታ ደግሞ የጦስኝ ሻይ አለ። መጀመሪያ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ሁሉንም እጠጣ ነበር። በእርግዝና ክትትሌ ላይ አዋላጅ ነርሷ «ቅጠላ ቅጠል እንዳትወስጂ» ስትለኝ ግን ደነገጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ሲያዞሩ ጤና አዳሙን ሲንክ ውስጥ እደፋዋለሁ። እርሳቸው ባዶውን ብርጭቆ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ «ተስማምቷታል» ብለው ቅጠሉን ጨምረውበታል፤ ለጎረቤታችን ነፍሰ ጡር ልጅም አንድ እስር ሰጥተዋል። ለባለቤቴ ስነግረው «ጠጣሁ በያትና ድፊው፤ ለምን ታስከፊያታለሽ?» አለኝ።

ልጁ ሲወለድም ቅቤ እንደሚያስውጡትና ለቁርጠት ጤና አዳም እንደሚሰጡት ከወዲሁ ይናገራሉ። ራሳቸውም የደም ግፊት ክኒን ታዝዞላቸው ሳለ «ጦስኝ ይበቃኛል» ብለው ትተውታል። እኔ በተራዬ ቲክቶክ ላይ አይቼ ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና እርጥብ በሶብላ በወይራ ዘይት ዘፍዝፌ ለሰላጣ ብዬ መስኮት ላይ ባስቀምጥ «ያልነጠረ ነገር ይቆያል እንዴ?» ብለው ነቀፉኝ፤ የእኔን እየነቀፉ የራሳቸውን ግን ማጠጣታቸው አናደደኝ። የጠጣሁት ልጄን ጎድቶት ይሆን? እንዴትስ ብዬ ልንገራቸው? እናት የሆኑኝን ሴት ማስቀየም አልፈልግም።

የተጨነቀች ምራት

ምላሽ

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንቅልፍ የሚነሳሽን ጥያቄ ልመልስ። ያን ሁለት ሳምንት ከጠጣሽ ወዲህ ደም ካልታየሽ፣ እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት ካልገጠመሽ፣ በክትትልሽም የልጁ የልብ ምትና ዕድገት መልካም መሆኑ ከተነገረሽ፣ ልጄን ጎዳሁት በሚል ፍርሃት ራስሽን የምትቀጪበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን ግን ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ከምርመራ ብትሰሚው ይሻላል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ምን እንደጠጣሽ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን፣ ቅጠሉ ተፈልቶ ይሁን ተጨምቆ፣ ሳታሳንሺ ለአዋላጇ ንገሪያት። ብዙ ነፍሰ ጡሮች ቁጣ ፈርተው ይህን ይደብቃሉ፤ ነገሩ ከተደበቀ ግን የሚከታተላቸው ባለሙያ አንድ ምልክት ሲያይ መንስኤውን በተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል። ቀጠሮሽ ሳይደርስ ደም ከታየሽ፣ ሆድሽ እየጠነከረ የሚለቅ ሕመም ከጀመረሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣብሽ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ሂጂ።

ወደ ጤና አዳሙ እንሂድ። ይህ ቅጠል ከቡናችንና ከአይባችን ጋር አብሮ የኖረ ነው፤ አንድ ዘለላ ስኒ ላይ ጣል ማድረግን እንደ መርዝ የሚያስቆጥር ምክርም ከእኔ አትሰሚም። ነገር ግን ስኒ ውስጥ ለአፍታ ገብቶ የሚወጣ ዘለላ የሚተወው ሽታና ጣዕም ሲሆን፣ አንድ እፍኝ ቅጠል ተፈልቶ ብርጭቆ ሲሞላ የሚጠጣው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ብርቱ ዘይትና ሌላው ንጥረ ነገር በብዛት የወጣበት መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ለማን፣ መቼና በምን ያህል መጠን የሚሉት ጥያቄዎች ሊነሱበት ይገባል። የጤና አዳም ዝርያዎች በሜዲትራኒያን አካባቢም ሆነ በላቲን አሜሪካ የዘገየ የወር አበባ ለማምጣትና ፅንስ ለማስወረድ ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ ለዚሁ ብለው በብዛት የጠጡ ሴቶችም ለከባድ ሕመም ተዳርገዋል። አማትሽ ለማጠንከር ብለው የሚሰጡሽ ቅጠል በሌላ አገር ለተቃራኒው ጉዳይ የሚፈለግ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እስክትወልጂ ድረስ የተፈላውንም የተጨመቀውንም ፈጽመሽ ተዪ፤ ቡና ላይ የሚጣለውን ዘለላ እንኳ ለጊዜው ብታቆዪው እመርጣለሁ፤ ይህን የምለው ለነፍሰ ጡር ሴት እስከዚህ ድረስ አይጎዳም ተብሎ የተወሰነ መጠን ስለሌለ ነው። በዚህ አጋጣሚ፣ የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ሊያቆስልና ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ እማማ ከግቢው ቅጠሉን ሲቆርጡ እጃቸውን በሳሙና ቢታጠቡ መልካም ነው።

«ቅጠላ ቅጠል እንዳትወስጂ» የሚለው የአዋላጇ ቃል ለጥንቃቄ የተነገረ ቢሆንም እጅግ አጭር ነው፤ ሽሮሽ ውስጥ ያለው በሶብላም ቅጠል ነውና። በአንድ ከረጢት ታስረው የመጡት ቅጠሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ጦስኝ በመንዝና በባሌ ብርዳማ ደጋዎች ላይ የሚበቅል፣ ሽታውን ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የሚያገኝ ቅጠል ነው፤ የፈላ ውኃ ፈስሶበት፣ ሽታው በእንፋሎቱ እንዳይሄድ ተከድኖ ለጥቂት ደቂቃ የቆየ ቀጠን ያለ አንድ ስኒ ከምግብ ቅመምነቱ ብዙ አይርቅም፤ ጠቁሮ እስኪመር ድረስ የተንተከተከውን ግን አልመክርሽም፤ ቀጭኑንም ቢሆን ለአዋላጇ ነግረሽ ጠጪ። ዝንጅብል ከሁሉ የተሻለ ስም አለው፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሽ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ነው። አብሽ በቅቤና በወጥ ውስጥ ሲሆን ችግር የለውም፤ በማር ተበጥብጦ በብርጭቆ የሚጠጣው ግን ከወለድሽ በኋላ፣ ያውም ባለሙያ ጠይቀሽ ይሁን። ኮሶና እንቆቆ በእርግዝና ጊዜ አይነሱ።

ከቅጠሎቹ ሁሉ ይልቅ የምትወስጂው የአይረን ክኒን ነገር ያሳስበኛል፤ ደብዳቤሽ ስለእርሱ አይናገርምና። ለነፍሰ ጡር በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይመከራል፤ ክኒኑን ከሻይ ወይም ከቡና ጋር ከዋጥሽው ግን አይረኑ ወደ ደምሽ የሚገባው በጥቂቱ ብቻ ነው። የቅጠል ሻይም ከዚህ አያመልጥም። ክኒኑን ከብርቱካን ጋር ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ውሰጂና ሻዩን ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው። ጠዋት በጤና አዳሙ ብርጭቆ ፈንታ ይህን የሎሚ ውኃ እማማ ራሳቸው ቢያዘጋጁልሽስ? የጠዋቱን እንክብካቤ መተው ለእርሳቸው ቅጠሉን ከመተው በላይ ሳይከብዳቸው አይቀርም።

ስለ ዳማከሴ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቅጠሉን በመዳፍ አሽቶ ማሽተት የቆየ ልማድ ነው፤ እርሱ አያስጨንቀኝም። የሚያሳስበኝ «ምች ነው» የሚለው ቃል ምርመራን የሚተካ ከሆነ ነው። በእርግዝና ላይ የሚመጣ ትኩሳት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ወደ ቆላ ተጉዘሽ ከሆነም ወባ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ ለእናትም ለልጅም አደገኛ ሲሆኑ በጊዜ ከታወቁ ሕክምና አላቸው። ትኩሳት ከያዘሽ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ተመርመሪ።

አሁን ወደ ባዶው ብርጭቆ ልምጣ፤ የደብዳቤሽ ዋና ነገር ያለው እዚያ ይመስለኛል። ባለቤትሽ እንዳለው መድፋቱ ማንንም የማይጎዳ የይሉኝታ መላ ይመስላል። ነገር ግን እማማ በየጠዋቱ ባዶ ብርጭቆ ያያሉ፤ ከብርጭቆው አጠገብ ደግሞ ፊቷ የጠራ፣ ሆዷ የገፋ፣ ደኅና የሆነች ምራት ያያሉ፤ ሁለቱን አገናኝተው «ሠርቷል» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ያልጠጣሽው መድኃኒት በአንቺ ጤንነት ተመሰከረለት። ስለዚህ መጠኑን ጨመሩ፤ ስለዚህ ለጎረቤት ልጅ ሰጡ፤ ያቺ ልጅ ግን ምናልባት አትደፋውም። እውነቱን መናገር የሚያስፈልግሽ ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው፤ ዝምታሽ ከአንቺ አልፎ ሌላ ሰው ደጃፍ ደርሷል።

እንዴት ልንገራቸው ላልሽው፣ መነሻውን ራስሽ ሳታውቂ ጽፈሽልኛል፦ የነጭ ሽንኩርቱ ዘይት። በዚያ ነገር ላይ እማማ ልክ ነበሩ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና እርጥብ ቅጠል ውኃ አላቸው፤ ዘይት ውስጥ ሲጠልቁ አየር አያገኛቸውም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ደግሞ እንዲህ ያለውን አየር የሌለበት፣ ኮምጣጣነት የሌለው፣ ሞቅ ያለ ቦታ ይወዳል። በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ዘይት ውስጥ ተደርጎ ያለ ማቀዝቀዣ የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት የቀረበላቸው 36 የአንድ ምግብ ቤት ተመጋቢዎች በዚሁ ተመርዘዋል። የተበከለው ዘይት መልኩም ሽታውም ላይለወጥ ይችላልና ልቅመሰው አትበዪ፤ ከነጠርሙሱ ጣዪው። ወደፊት ሲያምርሽ ለጥቂት ቀን የሚሆን ብቻ አዘጋጅተሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ፤ ከ4 ቀን በላይም አታቆዪው። እማማ ቅቤ ሲያነጥሩ ግን የሚሠሩት ሌላ ነው፦ ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ በሶብላውን ቅቤ ውስጥ ከተው ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ በቀስታ እሳት ያበስሉታል፣ ከዚያም ያጠሉታል፤ ቅመሙ ሽታውንና ጣዕሙን ለስቡ ሰጥቶ ራሱ ይወገዳል፤ ቅቤው ለወራት የሚቆየውም ውኃውና አተላው ስለወጡለት ነው። ከቲክቶኩ ሰው ይልቅ ስለ ቅመምና ስለ ዘይት የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

እንግዲህ እንግዳ በሌለበት፣ ቡና በተፈላበት ሰዓት ከዚህ ጀምሪ። «እማዬ፣ ስለ ዘይቱ የተናገሩት ልክ ነበር፤ ጥዬዋለሁ» በያቸው። ከዚያ ሳትዘገዪ ቀጥዪ፦ «እኔም ከእርስዎ የደበቅሁት ነገር አለ። ጤና አዳሙን ለጽንስ ያሰጋል ስላሉኝ ፈርቼ መጠጣት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ እንዳላስከፋዎት ብዬ ነው የደበቅሁት። ይቅር ይበሉኝ።» ምናልባት «እኔ ስንቱን ወልጄ አሳድጌበታለሁ» ይሉሽ ይሆናል። በዚህ አትከራከሪያቸው፤ ልጆቻቸው በእርግጥ አድገዋል፣ ከእነዚህም አንዱን አግብተሻል። ይልቅስ ጠይቂያቸው፦ እርሳቸው ሲያረግዙ ማን ይሰጣቸው ነበር? ተፈልቶ ነበር ወይስ ቡና ላይ ብቻ? ያስወረዳት ወይም የታመመች ሴትስ ያውቁ ይሆን? ቅጠል የሚያውቁ እናቶች የቅጠሉን ክፉ ጎንም ብዙ ጊዜ ያውቃሉ፤ ሳይጠየቁ ግን አይናገሩትም። ሊያኮርፉም ይችላሉ። ካኮረፉ አንድ ሁለት ቀን ተያቸው፤ በእነዚያ ቀናት ግን ብርጭቆው ቢመጣ ለማስታረቂያ ብለሽ እንዳትቀበዪ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ክፉ አሳቢ ሆኖ አይመስለኝም፤ በእናቱና በሚስቱ መካከል ቆሞ ቀላሉን መንገድ መርጧል። ይሁንና መደበቁን ለአንቺ ትቶ እርሱ ነጻ ሆኗልና ይህን ሸክም ሊካፈልሽ ይገባል። ከቡናው ቀደም ብላችሁ ሁለታችሁ ተነጋገሩ፤ አንቺ ስትናገሪ አጠገብሽ ተቀምጦ «እኔም ደብቂ ያልኳት ጥፋቴ ነው» ቢል ነገሩ የምራት እንቢታ ሳይሆን የቤቱ ውሳኔ ይሆናል። ስለ ሕፃኑም የሚናገረው እርሱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የአራስ ቤት ድካም ሳይመጣ፣ ዘጠነኛው ወር ሳይገባ። የሚለውም ግልጽ ይሁን፦ ለተወለደ ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ቅቤም፣ ውኃም፣ የጤና አዳም ጭማቂም አይሰጠውም፤ ማርም አንድ ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም፤ እትብቱም ላይ ቅቤ አይቀባም። የነጠረው ቅቤ ለአራሷ ገንፎ ነው፤ ለጋው ለአናቷ ነው፤ አጥሚቱንም እንደ እርሳቸው የሚሠራ በአካባቢያችሁ የለም። ይህ ሁሉ የእርሳቸው መሆኑን ከክልከላው በፊት ይስሙት። ሕፃኑን ሆዱን ሲነፋው ደግሞ አቅፈው ቀና አድርገው ጀርባውን መታ መታ የሚያደርጉት እርሳቸው ይሁኑ።

ወደሚቀጥለው ክትትልሽ ስትሄጂ እማማን ይዘሻቸው ሂጂ። ለአዋላጇ አስቀድመሽ ጉዳዩን ንገሪያትና ስለ ጤና አዳሙ በአክብሮት እርሷ ታስረዳቸው፤ ከምራት ሲሰማ ድፍረት የሚመስል ቃል ከባለሙያ ሲሰማ ምክር ይሆናል። የልጁን የልብ ምት ቢሰሙ ደግሞ ከክርክር ሁሉ የበለጠ ያቀርባቸዋል። በዚያው የአንቺ ግፊት ሲለካ የእርሳቸውም ይለካ። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ ደኅና ነኝ ማለታቸው ግፊቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ጦስኝም የታዘዘን ክኒን አይተካም። ሻዩን ሙሉ በሙሉ ተዉ አይባሉ፤ ክኒኑን እየወሰዱ ጦስኛቸውን መጠጣት ይችሉ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ወጪውንና ርቀቱን ፈርተው ይሆን ክኒኑን የተዉት? ወይስ ያስላቸው ወይም ያዞራቸው ነበር? እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱን መቀየር ይቻላልና ይህንንም ጠይቂያቸው።

የቡናው ወሬ ለሁለት ሦስት ቀን ቢዘገይ ምንም አይደለም። የጎረቤታችሁ ልጅ ግን እስከዚያ አትጠብቅም፤ ዛሬውኑ ሄደሽ የተሰጣትን ጤና አዳም አፍልታ እንዳትጠጣው፣ ጠጥታም ከሆነ በክትትሏ ላይ እንድትናገር ንገሪያት። እማማን ሳታሳጪ «እኔንም ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ብትያት ይበቃታል።